የቅዳሜው ከበሮ

ኮሎምቦ፣ ቦሬላ
ጃንዋሪ 8 ቀን 1985

እትዬ ያሳዋቲ፣

እንዴት ከርመሽልኛል? ባለቤትሽ ካሩና፣ ልጆቹ፣ አባባስ? እኔ ደህና ነኝ። ጥያቄዎችሽን በተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ፤ ያከራየችኝ ሴትዮ ሩዙን ታበስልልኛለች፣ ኮኮናቱ ላይ ግን እንዳንቺ በርበሬ አትደፍርም። አይ፣ ሳሉ አልተመለሰብኝም። ጃንጥላውም አልጠፋም፤ አውቶቡስ ውስጥ ረስቼው ሹፌሩ በማግስቱ መለሰልኝ። ስለ ትምህርት ቤቱ የጠየቅሽኝን ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ። ዛሬ የያዝኩት አንድ ወሬ ብቻ ነው፤ ከሌላ ጋር ላደባልቀው አልፈልግም።

የፊታችን ቅዳሜ ምሽት አንድ ሰዓት ላይ አዲስ ተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ይጀምራል። በየሳምንቱ አንድ ክፍል፣ አሥራ ሦስት ሳምንት። የመግቢያው ሙዚቃ የኔ ነው። የኔ ስልሽ እውነትም የኔ። ታውቂያለሽ፣ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰው ዜማ ስጽፍ ነው የኖርኩት። የሙዚቃ ደራሲ የተባለው ሰው ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ያፏጫል፤ እኔ እጽፋለሁ፤ ቫዮሊኑ የት እንደሚገባ፣ ዋሽንቱ የት እንደሚተነፍስ የምወስነው እኔ ነኝ፤ ስሙ ግን የሱ ነው። ማንም ሌባ አይለውም። አሠራሩ ነው። እንግዲህ አሁን ተራው ደረሰኝ።

ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ነው። መጀመሪያ ከበሮ ብቻውን። ከዚያ ቫዮሊኖቹ ከሥር ይገባሉ፣ ቀስ ብለው፣ ሰው በር ላይ ጫማውን አውልቆ እንደሚገባ። ስሜ የሚወጣው አርባኛው ሰከንድ ላይ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ደጋግሜ ቆጥሬዋለሁ፤ ካልቆጠርኩት የሚጠፋ እየመሰለኝ።

አባባ ይዩልኝ። ቴሌቪዥን ያለው ፖዲ ኖና ሱቅ ብቻ ነው ብለሽኛል። ቀደም ብላችሁ ሂዱና ለአባባ ወንበር ያዙላቸው። እንደ አባባ ያለ ከበሮ መቺ ሲመጣ ከሰው ዝቅ እንዲል የሚቀርብለትን አጭሩን በርጩማ አይደለም ያልኩሽ። ወንበር።

ወንድምሽ
ቲላካሲሪ


ኮስጋሃዌላ
ጃንዋሪ 15 ቀን 1985

ቲላካ ወንድሜ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። አጨዳ ላይ ነን፤ ሁለተኛዋ ልጄም ጆሮዋን አሟት ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

አየነው። ሰዉ ከሱቁ ተርፎ መንገዱ ድረስ ቆሞ ነበር። ስምህ ሲወጣ ልጄ ጮክ ብላ አነበበችው፤ «ቲላካሲሪ ዊጄራትና!» ፖዲ ኖና ዞር ብላ «ይሄ ያ በሬ ሲያይ ዛፍ ላይ ይወጣ የነበረው ነው?» አለችኝ። «እሱ ነው» አልኳት። «በሬው አሁን ቢያየው ዛፍ ላይ የሚወጣው በሬው ነው» ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችው። ደስ ብሏታል። ያን ለት ሻይ ብዙ ሸጣለች።

ስለ ወንበሩ ጠይቀሃል። ሰጥታቸዋለች። «ዛሬ የአርቲስት አባት ነህ ሳይማን፣ ተቀመጥ፤ ነገ በርጩማህ የትም አይሄድብህም» ብላ ነው የሰጠቻቸው። አባባ ተቀመጡ። ጫፉ ላይ።

ድራማው ጥሩ ነው። ሴትዮዋ በምራቷ ላይ የምታደርገው ግን ልክ አይደለም፤ ጻፈው ለተባለው ሰውዬ ንገርልኝ።

አባባ ምን አሉ እንደምትለኝ አውቃለሁ፤ አባባ ደህና ናቸው። ሩዛቸውን በልተዋል። ትናንት የጣራውን ቅጠል ሲቀይሩ ዋሉ። ለሙሉ ጨረቃው በዓል ቤተ መቅደስ ሲመቱ የሚለብሱት አዲስ ነጭ ሸሚዝ ሰፍቼላቸዋለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ አትቆጣኝ። ያን ከበሮ ከየት አመጣኸው?

እህትህ ያሳዋቲ


ኮሎምቦ
ጃንዋሪ 28 ቀን 1985

እትዬ፣

ለምን እቆጣለሁ? ከየትም አላመጣሁትም። አውቶቡስ ላይ ቆሜ ስሄድ መጣልኝ። መጣልኝ የሚለው ቃል ራሱ አይጥመኝም፤ ከአንድ ቦታ የተነሳ ያስመስለዋል። ጣቶቼ የአውቶቡሱን ብረት ይመቱ ነበር፤ ከኔ በፊት ያወቁት ጣቶቼ ናቸው። አጠገቤ የቆመች ሴት እጇን ከብረቱ ላይ አነሳች። ያኔ አላስተዋልኳትም፤ አሁን ግን አስባታለሁ።

ስቱዲዮ ውስጥ ደግሞ ኤድዊን የሚባል ሽማግሌ ከበሮ መቺ አለ። ምቱን በአፌ አሰማሁት። ዱላውን ጭኑ ላይ አሳርፎ «ለማን ነው?» አለኝ። «ለቅዳሜ» አልኩት። ትንሽ አየኝና «እንግዲያው ፍጥነቱን ጨምርልኝ፤ እንዲህ እየተጎተተ እጄ አይሄድም» አለ። ጨመርኩለት። ለምን እንዳለ አልጠየቅሁትም። ደራሲ የተባልኩት ያን ሳምንት ነዋ፤ ደራሲ አይጠይቅም።

አሁን ደብዳቤ እየጎረፈ ነው። እስከ ትናንት አርባ አንድ። ከኩሩኔጋላ አንዲት ሴት «በሳምንት አንዴ ቤቴ ውስጥ ሬሳ ይታወጅብኛል፤ አማቴ አልጋ ይዘዋል» ብላ ጽፋለች። ሌላው ድራማውን ይወደዋል፤ ግን መግቢያው እስኪያልቅ ድምፁን ይዘጋል። የቀብር ከበሮ ነው ይላሉ። እትዬ፣ እኔ የቀብር ከበሮ አላውቅም! አባባ ከበሮ ይዘው ሲወጡ እንዳልከተላቸው እጄን ይዘሽ የምታስቀሪኝ አንቺ ነበርሽ። በሰባት ዓመቴ አዳሪ ትምህርት ቤት ገባሁ። እዚህ ከተማ ቀብር ሲያልፍ ከሩቅ ሰምቼ አውቃለሁ፤ የኔን አይመስልም። ይመስላል እንዴ?

የድራማው አዘጋጅ ኢላንጋኮን ጠራኝ። መጥፎ ሰው አይደለም። «ልጄ፣ አንድ ዘፈን ነገር አድርግበትና ከበሮውን አውጣልኝ» አለኝ። አይሆንም አልኩት። እንዴት ደፍሬ እንዳልኩት አላውቅም። ግን አላወጣውም። ጥሩ የሠራሁት ነገር ይሄ ብቻ ነው፤ ጥሩ መሆኑን ደግሞ አውቃለሁ።

አባባ ምን አሉ? ሁለት ገጽ ጽፈሽልኝ ካፋቸው የወጣ አንድ ቃል የለበትም።

ቲላካሲሪ


ኮስጋሃዌላ
ፌብሩዋሪ 6 ቀን 1985

ወንድሜ፣

ይቅር በለኝ። የጻፍኩልህ ሁሉ እውነት ነበር፤ እያሳጠርኩ ግን ነው የጻፍኩት።

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ ብዬሃለሁ። ተቀምጠዋል። ከበሮው ሲጀምር ተነሱ። ስምህ ከመውጣቱ በፊት መንገዱን ተሻግረው ነበር። ስምህን አላዩትም።

ከዚያ ለት ወዲህ ከበሮ ነክተው አያውቁም። ለሙሉ ጨረቃው ቤተ መቅደስ አልሄዱም፤ ሸሚዙ ሳጥን ውስጥ እንደታጠፈ ነው። በላይኛው ሠፈር ሁለት ሰው ሞቶ ከሩቅ ከበሮ መቺ አስመጡ። ፖዲ ኖና ደግሞ አፏን አትይዝም፤ «ሳይማን የሚመታው ላንድ ቤት ነው፤ ልጁ ላገሩ በሙሉ መታለት» ትላለች። ሰዉ ይስቃል። አባባ በጓሮ በኩል መሄድ ጀምረዋል።

ያልነገርኩህን ልንገርህ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

እናታችን የሞተች ለት ወንዙ ሞልቶ ነበር። ከበሮ መቺ ለራሱ ቤት ሬሳ አይመታም፤ ለኛ ከወንዙ ማዶ ያሉት ዘመዶቻችን ይመጣሉ፣ ለእነሱ አባባ ይሄዳሉ። እንደዚያ ነው ከጥንት። ያን ለት ድልድዩን ውሃ ወሰደው። ሰዉ ነጭ ለብሶ ቆሞ ጠበቀ። ሰዓቱ አለፈ። ያለ ከበሮ ደግሞ ሬሳ አይወጣም። አባባ ወደ ውስጥ ገቡና ከበሮውን አንግተው ወጡ።

የመቱት ግን የተለመደውን አልነበረም። ያን ዓይነት ከዚያ በፊት ማንም ሰምቶ አያውቅም። ታላቅ ወንድማቸው «ምንድነው የምትመታው? ልክ አይደለም!» ብሎ ተቆጣ። እስከ መቃብሩ እንደዚያው መቱ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን መትተውት አያውቁም። መጀመሪያው ላይ ያለው ብቻ የተለመደው የቀብር ምት ነው፣ እሱን ማንም ያውቀዋል፤ ደብዳቤ የሚጽፉላችሁ ሰዎችም የሰሙት እሱን ነው። ቀሪው የአባባ ነው። ለእሷ የሠሩት ነው።

እኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አንተ አራት። ለመታቀፍ ከብደህ ነበር፣ ግን አልወርድም ብለህ አንገቴን አንቀህ ያዝከኝ። እኔ ምቱን ረስቼዋለሁ። ያን ቅዳሜ አባባ ሲነሱ ነው ያስታወስኩት። አንተ ግን ይዘኸው ኖረሃል።

ስለ ስማችን ደግሞ፣ ርእሰ መምህሩ ነው የቀየረው እያልኩህ ነው ያደግከው። አይደለም። በሰባት ዓመትህ እጅህን ይዘው የወሰዱህ አባባ ናቸው። «የዚህ ልጅ ስም ሲጠራ ከበሮ እንዳይሰማበት» አሉት። ርእሰ መምህሩ አሮጌውን፣ ከበሮ መቺነታችንን የሚናገረውን የቤታችንን ስም፣ በቀይ ቀለም ሰርዞ ዊጄራትና የሚለውን ጻፈ። የኔን አላስቀየሩም። «ሴት ስታገባ ይቀየርላታል» አሉ።

እንዳትመጣ። አሁን አትምጣ።

ያሳዋቲ


ኮሎምቦ
ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1985

እትዬ፣

ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩት። ይሄ አራተኛው ነው።

ይቅር በለኝ ላልሽኝ፣ አልተናደድኩም። ምን እንደሆንኩ ግን አላውቅም። ኖታውን አወጣሁና አየሁት። የእጅ ጽሕፈቴ ነው። ከላይ በኩል «ቲ. ዊጄራትና» ይላል። አንድ ሰው ያፏጫል፣ ሌላው ይጽፋል ብዬሽ ነበር። አባባ መቱ፣ እኔ ጻፍኩ። ስሙ የኔ ሆነ። እነዚያን ሰዎች ስምንት ዓመት በልቤ ስሰድባቸው ኖሬያለሁ።

የእናታችን ፊት ትዝ አይለኝም። እሱን ይዤ ነው የምዞረው፤ ምቱን ሁሉ አስቀርቼ ፊቷን አለማስቀረቴን።

አሁን አንቺን ያስጠበቅኩሽን ልንገርሽ። የትምህርት ቤቱን ሥራ ከለቀቅኩ አራት ወር ሆኖኛል። ሁለቱን አብሮ መያዝ አልቻልኩም። ተስፋዬ አንድ ፊልም ነው። ሳማራኮን የሚባል ፊልም አሠሪ መግቢያውን ሰምቶ አስጠራኝ። ሙሉ ፊልም፣ ስድስት ዘፈን፣ ሙዚቃው ሁሉ የኔ። ከሰው ጋር ሲያስተዋውቀኝ «ጥሩ ቤተሰብ ነው፣ ከስሙ ታውቁታላችሁ» አለ። ሰዎቹ ጨበጡኝ። እኔም ጨበጥኳቸው። የሚያምር ፈገግታ ፈገግኩ። መስታወት ፊት ለፊቴ ነበር፤ አየሁት።

ስለዚህ ወስኛለሁ። በስክሪኑ ላይ የሚወጣው የአባባ ስም ነው። የኔ አይደለም። ሳማራኮን ያነበዋል፣ የከበሮ መቺ ልጅ መሆኔን ያውቃል፣ ፊልሙን ይሰጠኛል ወይም ይከለክለኛል። ሁለቱንም አስቤዋለሁ። ፊልሙ ቢቀር ሌላ እሠራለሁ፤ ይሄን ግን እንደዚሁ ልተወው አልችልም።

ያለ ፈቃዳቸው አላደርገውም። ንገሪያቸው። አንብቢላቸው፣ ይቺን ክፍል፣ እንደጻፍኳት።

ቲላካሲሪ


ኮስጋሃዌላ
ማርች 4 ቀን 1985

ቲላካ፣

አነበብኩላቸው። ደግመሽ አንብቢ አሉኝ። ደገምኩላቸው። የኮኮናት ገመድ ይገምዱ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«አይሆንም።»

«ለምን አባባ?»

«ሃያ አምስት ዓመት የደበቅኩትን ልጅ እሱ በአንድ ቅዳሜ አውጥቶ መንገድ ላይ ሊያቆመው?»

«መደበቁን አልፈለግሁም እኮ ነው የሚለው።»

«እሱ ምን ያውቃል? በርጩማ ላይ ተቀምጦ ያውቃል? አንተ ከበሮ መቺ እያሉ ጠርተውት ያውቃሉ?»

ባሌ ካሩና ደግሞ መሀል ገባ። ታውቀዋለህ፣ ዝም አይልም። «አማቴ፣ ልጁ እኮ ስምዎን ልጻፍ ነው ያለው፣ ልሰርቅ አላለም» አላቸው።

«አንተ ደግሞ ዝም በል፤ ጭብጨባ እንኳ በምት አትችልም።»

እውነታቸውን ነው፣ አይችልም።

እንግዲህ ተስፋ ቆርጬ ልነሳ ስል ገመዱን ጣሉት። «ደግሞስ የኔ አይደለም» አሉ። «ተሳስቷል። አምስተኛው ምት የለም። የቀረውንም ቢሆን አውቶቡስ ሊያመልጠው እንደሚሮጥ ሰው ነው ያደረገው። እኔ እሷን እየሮጥኩ ነው የሸኘኋት? ስህተት ላይ ስሜን አልለጥፍም።»

ያሉት ይሄን ነው። ቃል በቃል ነው የጻፍኩልህ። በመጨረሻው ላይ ድምፃቸው ከፍ ብሎ ነበር፤ ጎረቤት ብቅ ብላ አየች።

ስለ ሥራህ ለአባባ አልነገርኳቸውም። አራት ወር ሙሉ ምን እየበላህ ነው? የደረቀ አሳና የዛፍ ማር በካሩና እህት ልኬልሃለሁ። ሳትበላው ለሰው እንዳትሰጥ።

ያሳዋቲ


ኮሎምቦ
ማርች 9 ቀን 1985

እትዬ፣

አምስተኛው ምት! አንቺ እንደ እምቢታ ጻፍሽልኝ፤ እኔ ግን አንብቤ ብድግ ብዬ ቆምኩ። እንግዲህ አባባ ሰምተውታል። መንገዱን እየተሻገሩም እየሰሙት ነበር። እስከ መጨረሻው ቆጥረውታል።

የቱ ጋ ነው? ቀኑን ሙሉ ጠረጴዛ ላይ እመታለሁ። አራት እመታለሁ፣ ስድስተኛው ይመጣል። መሀሉ ላይ ምንም የለም። ከጆሮዬ የሌለ ነገር ከየት ላምጣው?

ኢላንጋኮን ጋ ሄድኩ። ከበሮውን እንደማላወጣው፣ ግን እንደማስተካክለው ነገርኩት። «ምኑን ነው የምታስተካክለው?» አለኝ። «ፈጥኗል፣ አንድ ምትም ጎድሎታል» አልኩት። «አንተ ሰውዬ፣ ሕዝቡ የሬሳ ነው እያለ እየጮኸ አንተ የበለጠ የሬሳ ልታደርገው ነው?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ የመጨረሻውን ሳምንት ሰጠኝ። ኤፕሪል 6። አሥራ ሦስተኛው ክፍል። ሽማግሌው ገጸ ባሕርይ የሚሞተው ያን ለት ስለሆነ ማንም አይከሰንም ብሎ ነው። የሚጻፈውን ስም እስከ ሐሙስ ኤፕሪል 4 ማስገባት አለብኝ።

ልማር መምጣት እፈልጋለሁ። እንደ ልጅ ሳይሆን እንደ ተማሪ። እግራቸው ሥር ቁጭ እላለሁ። ጠይቂያቸው። እምቢ ካሉሽ ነገ ደግመሽ ጠይቂያቸው። ከነገ ወዲያም።

ቲላካሲሪ


ኮስጋሃዌላ
ማርች 19 ቀን 1985

ቲላካ፣

ይሄን የምጽፍልህ ከሩዝ ማሳው ጫፍ ሆኜ ነው፤ ፊደሉ ቢንጋደድ ይቅርታ። ለምን እዚህ እንደሆንኩ ልንገርህ።

ስድስት ቀን ጠየቅኳቸው። «እንዳይመጣ» ይሉኛል። «ከመጣ ሰው ያየዋል፤ የሳይማን ልጅ ከበሮ ሊማር ተመለሰ ይባላል።» በሰባተኛው ቀን እኔም መረረኝ። «እንግዲያው እርስዎ ሲሞቱ የእናቴ ምት አብሮ ይቀበራል፣ በቴሌቪዥን የቀረው ስህተቱ ብቻ ይሆናል» አልኳቸው። እንደዚያ ብያቸው አውቃለሁ እንዴ አባባን? እሳቸው ግን ተነሱና «ወረቀትሽን ያዢ» አሉኝ።

የቀብር ምት ሰው ባልሞተበት ቤት ውስጥ በአፍ እንኳ አይነገርም። ስለዚህ ከቤት ወጣን። ከማሳው ጫፍ ላይ እኔ ተቀመጥኩ፣ እሳቸው ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ቆሙ። ከበሮ አልያዙም። በአፋቸው ነው ያሉት፣ እኔ እጽፋለሁ።

ጉን። ዳን። ጊጣ። ጉን።

«አምስተኛውስ?» አልኳቸው።

«አምስተኛው አይሰማም» አሉ። «ዱላው ይነሳል፣ አይወርድም። ግራ እጅ ቆዳውን ይይዘዋል። ድምፁ እዚያው ይታነቃል። ከዚያ ነው ስድስተኛው።»

«አባባ፣ የማይሰማ ከሆነ ቲላካ እንዴት ያውቀዋል? ልጅ ነበር እኮ፤ ፊቱ አንገቴ ውስጥ ነበር፤ አላየም።»

ውሃው ላይ ሳቢሳ ወፎች ነበሩ፤ እነሱን ያዩ ነበር። «አላየም?» አሉኝ።

«አላየም። የሰማ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው የሰማውን በሙሉ ይዞታል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ስለ አንተ ጥሩ ነገር ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ይሄ ጥሩ ነገር መሆኑንም እርግጠኛ አይደለሁም። አንተ ፍረድ።

ሌላውን በጀርባው ላይ ጽፌልሃለሁ፤ ሃያ አራት መስመር ነው። ፍጥነቱን ደግሞ እንዲህ ብለዋል፦ አራት ሰው የሚወዱትን ሰው ተሸክመው፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ። ከዚያ እንዳይፈጥን።

ስለ ስማቸው ጠየቅኳቸው። «መጀመሪያ ልስማው» አሉ። «ልክ ከሆነ እናያለን።»

ያሳዋቲ


ኮሎምቦ
ማርች 29 ቀን 1985

እትዬ፣

ደረሰኝ። ሃያ አራቱንም መስመር። ለኤድዊን ሳነብለት ከስቱዲዮው ወጥተን መኪና ማቆሚያው ላይ ቆምን፤ ሳልነግረው እሱ ነው «ና ወደ ውጭ» ያለኝ። አምስተኛው ላይ ስደርስ እጁን አነሳና አየር ላይ ያዘው። «የማን ነው?» አለኝ። በዚህ ጊዜ ጥያቄው ገባኝ። «የአባቴ ነው። ለእናቴ» አልኩት። «አሁን እጄ ይሄዳል» አለ።

ትናንት ቀረጽነው። አንድ ጊዜ ብቻ። ቫዮሊኖቹን አወጣኋቸው፤ አላስፈለጉም። ቫዮሊን ተጫዋቾቹ አኮረፉኝ።

ልክ ነው ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ አላውቅም። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። ማክሰኞ ኤፕሪል 2 ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ እዚያ ያለው ፖስታ ቤት እደውላለሁ። ካሴቱን ከስልኩ ጋር አስጠግቼ አጫውትላቸዋለሁ። አባባን አምጪልኝ። ፖስታ ቤት የማንም መኖሪያ ቤት አይደለም ብለሽ ንገሪያቸው፤ ካስፈለገም ስልኩን በመስኮት በኩል አውጥተው ይስሙ።

የሳማራኮንን ጉዳይ ደግሞ ልንገርሽ። ሄጄ ነገርኩት። ከሌላ ሰው እንዲሰማ አልፈለግሁም። «ምን አስፈለገህ?» አለኝ፤ እውነትም ግራ ገብቶት ነው። «ማን ጠየቀህ? ስምህ አለህ፣ ሥራህ አለህ። አሁን እኔ ለሰዎቼ ምን ልበል?» አሰብኩና «የሳይማን ልጅ ነው በላቸው» አልኩት። እስከ ሰኞ እንደሚያስብበት ነገረኝ። ያስብ። ደረጃውን ወርጄ ሄድኩ።

አባባ አይሆንም ካሉ የሳቸውን አላወጣም። የኔንም አላወጣም። ቦታው ባዶውን ይሂድ።

ቲላካሲሪ


ኮስጋሃዌላ
ኤፕሪል 3 ቀን 1985

ወንድሜ ቲላካ፣

ይሄን ካሩና በጠዋቱ ባቡር ይዞልህ ይመጣል፤ ሐሙስ ከማለፉ በፊት እጅህ እንዲገባ።

ስልኩ ላይ «አባባ? አባባ?» ስትል ሰምቼሃለሁ። ስላልመለሱልህ ይቅርታ። ለማንም አልመለሱም። ፖስታ ቤት የነበረው ሰው ሁሉ ደብዳቤውን ትቶ ቆሞ ያያቸው ነበር። ስልኩን በሁለት እጃቸው ነው የያዙት። ጠቅላላው ሲያልቅ ለፖስተኛው አቀበሉትና ወጡ። ፖስተኛው «ሂሳቡ በደዋዩ ነው፣ ለምን አልተናገሩም?» አለኝ፤ ሞኝ።

ተከተልኳቸው። እስከ ወንዙ ድረስ ከኋላ ከኋላ ሄድኩ። ድልድዩ ላይ ደረስኩባቸው።

«ልክ ነው?» አልኳቸው።

«ያ ኤድዊን የተባለው እጁ ከብዷል» አሉ።

«ልክ ነው ወይ አባባ?»

«አምስተኛው ላይ ጠበቀ» አሉ። «በደንብ ጠበቀ።» ከዚያ ፊታቸውን በትከሻቸው ጨርቅ ጠረጉና ሙቀቱ ነው አሉ። ሙቀት ነበር፣ እውነት ነው።

ቤት ስንደርስ ወረቀት አምጪ አሉኝ። ቀጭኑን ሳይሆን ወፍራሙን። «ትልልቅ አድርገሽ ጻፊ፣ የከተማ ሰው እንዳይሳሳትበት።» ሳይማን ብዬ ጻፍኩ። ማንበብ አይችሉም፣ ግን አጭር መሆኑን አዩ። «ይሄ ፖዲ ኖና የምትጠራኝ ነው። የቤታችንን ስም ከፊቱ አድርጊ» አሉ። የቤታችንን ስም ከጻፍኩ ስንት ዓመቴ ነው! አንዱ ፊደል ጠፋኝና ከእናታችን መቃብር ላይ አይቼ መጣሁ።

«አሁን ከሥሩ የሱን።»

«የትኛውን?» አልኳቸው።

ውጭ ላይ የሰው እግር አለፈ፤ እስኪያልፍ ጠበቁ መሰለኝ፤ ከዚያ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም።

«ርእሰ መምህሩ የሰረዘውን» አሉ። «ከፈለገ። ከፈለገ ነው ያልኩት። ግድ አይደለም በይው።» ከፈለገ የምትለዋን ሦስት ጊዜ ደገሙብኝ፤ እንዳልዘላት። አልዘለልኳትም።

ወረቀቱ ከዚህ ጋር ነው። ፊደሎቹ ልክ ናቸው፤ ሁለት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። እንዲህ ነው የሚጻፈው፦

ኔካቲጌ ሳይማን
ልጁ ኔካቲጌ ቲላካሲሪ